እትዬ ሮማንና የገራው ዳገት

ባለፈው ሳምንት ጅማ ውስጥ ከጊንጆ ወደ ሂርማታ ገበያ በባጃጅ ስሄድ፣ አዲስ ፎቅ የሚሠራበት ደጃፍ ላይ መንገዱ ተዘግቶ ቆምን። ሁለት ጎረምሶች መሬት ላይ ተቀምጠው በመዶሻ ድንጋይ ይፈልጣሉ። የፎቁን ግድግዳ የሚያለብሱበት ድንጋይ ነው፤ ከሩቅ በመኪና የመጣ፣ ሲመታ በስስ በስሱ የሚነሳ፣ ፀሐይ ሲያርፍበት የሚያብለጨልጭ። ነፋሱ አቧራውን ይዞ ባጃጁ ውስጥ ገባ። ድንጋይ ሽታ አለው ስላቸው የልጅ ልጆቼ ይስቁብኛል። አለው እንጂ! አሁን የተፈለጠ ድንጋይ፣ ክብሪት ሲጫር ከሚሸተው ትንሽ፣ በደረቅ መሬት ላይ የመጀመሪያው ካፊያ ሲወድቅ ከሚሸተውም ትንሽ አለው። "አባባ፣ እዚህ ነው እንዴ የሚወርዱት?" አለኝ ባለ ባጃጁ። ለካ ሳላውቀው አንድ እግሬን ወደ ውጭ አውጥቻለሁ። "አይ ልጄ፣ ንዳ፤" አልኩት። እሱ ወደ ሂርማታ ነዳ። የኔ ልብ ግን ወደ ገራ፣ ወደዚያ ዳገት፣ ወደ እትዬ ሮማን ሄዶ ነበር።

ያን ጊዜ ጅማ ሌላ ጅማ ነበረች። ባጃጅ የሚባል አልታሰበም፤ ፈረሱ አንገቱ ላይ ቃጭል ያሰረ ጋሪ ነበር። ከፈረንጅ አራዳ እስከ ቦሳ ኪቶ በስሙኒ ያደርሳል፤ ባለ ጋሪው ዘመድ ከሆነ ደግሞ ስሙኒዋንም አይቀበልም። ሻይ በአሥር ሳንቲም፣ ትኩስ ቦምቦሊኖ በአሥር ሳንቲም። ስኳር ከቀበሌ ሱቅ በወረፋ ስለሚገኝ፣ የሻይ ቤቱ ባለቤት ማንኪያውን በራሱ እጅ ነበር የሚጨልፈው፤ ለማንም አይሰጥም። ወጣቱ ታች የሰፋ ሱሪውን ገና አልጣለም። ባለሥልጣኑና ባለሥልጣን መምሰል የሚፈልገው ሁሉ ግን ካኪ በካኪ ነው። ወደ ማታ ሰዓት እላፊው ሳይደርስ ሰው በአወቱ ወንዝ ድልድይ ላይ ወዲያ ወዲህ ይላል፤ ከየሻይ ቤቱ ቴፕ አንዱ ስለ ዘማች፣ አንዱ ስለ ከዳች ፍቅረኛ፣ ሌላው ስለ አገር ያንጎራጉራል፤ ሦስቱ ዘፈን መሐል መንገድ ላይ ተገናኝቶ አንድ ይሆናል። ስብሰባ የበዛበት፣ ሰው ድምፁን ዝቅ አድርጎ የሚያወራበት ዘመንም ነበር። ስለዚያ ሌሎች ብዙ ብለዋል። እኔ የማውቀው ድንጋዩን ነው።

አባቴ በሂርማታ ልብስ ሰፊ ነበር፤ እኔ የጊንጆ ልጅ ነኝ። አዲስ አበባ ጂኦሎጂ ተምሬ ስመረቅ፣ "ኦሮምኛ ይችላል፣ አገሩን ያውቃል" ተብዬ የጥንት ድንጋዮችን ካርታ ከሚያነሳ ቡድን ጋር ወደዚሁ ወደ አገሬ ተመደብኩ። እናቴ፣ አላህ ይማራትና፣ "ድንጋይ ሊያይ ነው አዲስ አበባ ድረስ ሄዶ የተማረው?" ብላ ለጎረቤት መናገር አፍራ "መሐንዲስ ነው" ትል ነበር። የቡድኑ መሪ ከአዲስ አበባ እንደሚመጡ ተነግሮኝ ማረፊያ ቤቱ ደጃፍ ላይ ስጠብቅ፣ ዓይኔ ትልቅ ሰውዬ ነበር የሚፈልገው። ከላንድሮቨሩ የወረዱት አጭር፣ ጠይም፣ ካኪ ሱሪ የለበሱ፣ ወገባቸው ላይ በሰፊ ቀበቶ መዶሻ ያንጠለጠሉ ሴት ናቸው። ፀጉራቸውን በጥቁር ሻሽ ጥብቅ አድርገው አስረውታል። "ከማል አንተ ነህ?" አሉኝ። "አዎ፣ እኔ ነኝ።" "ቁርስ በልተሃል?" "በልቻለሁ።" "እንግዲያው እንውጣ። ጠዋት ነው ድንጋይ የሚታየው፤ ጥላው መስመሩን ያወጣዋል።" ሻንጣቸው ገና ከመኪናው አልወረደም ነበር።

ሴት ሱሪ ለብሳ፣ መዶሻ ታጥቃ፣ ጫካ ለጫካ ስትዞር በዚያን ጊዜ ቀላል ነገር አልነበረም። የቡ ከተማ ላይ ለሙዝ ስንቆም፣ ሻጮቹ እርስ በርሳቸው "ኩን ዱበርቲዳ ሞ ዲራ?" ይላሉ፤ ሴት ናት ወይስ ወንድ ማለታቸው ነው። እትዬ ሮማን ሰምተው "ምን ይላሉ?" አሉኝ። አፍሬ ሙዝ መምረጥ ጀመርኩ። ሾፌራችን ነስሩ ግን ምንም የማያፍር ሰው ነበርና ነገራቸው። ሳቁ። ሳቃቸው ከሰውነታቸው የሚበልጥ ነበር፤ ሙዝ ሻጮቹም ሳይገባቸው አብረው ሳቁ። በሦስተኛው ጉዟችን ራሳቸው "ዱበርቲዳ!" እያሉ ነበር ከመኪናው የሚወርዱት፤ ሻጮቹም ሲያዩዋቸው ከሩቁ በእልልታ ይቀበሏቸዋል። ድንጋይ ደግሞ ይልሱ ነበር። የረጠበ ድንጋይ ቀለሙና መስመሩ ጎልቶ ይወጣል፤ ውሃ ሁልጊዜ በእጅ አይገኝም፤ ስለዚህ ምላሳቸውን ያሳርፉበታል። ነስሩ በየሻይ ቤቱ "የኛ አለቃ ድንጋይ ነው የሚበሉት" ብሎ አወራ። አጋሮ ላይ አንድ ሽማግሌ ከልባቸው አዝነው የማር እንጀራ ይዘው መጥተው "ልጄ፣ ይሄን ብይ" ብለዋቸዋል።

ያን ሁሉ የምንለፋው ለምን እንደሆነ መጀመሪያ እኔም በደንብ አልገባኝም ነበር። ትምህርት ቤት ተምሬዋለሁ፤ ግን በወረቀት ላይ ነው። ጅማና ዙሪያዋ የተቀመጠችበት ጥቁር ድንጋይ ከእሳተ ገሞራ የፈሰሰ ነው፤ እትዬ ሮማን "እንግዳ" ነበር የሚሉት። ወደ ጎጀብ ወንዝ በሚወርዱት ጥልቅ ሸለቆዎች ግን ወንዙ እንግዳውን ቆርጦ ከሥሩ ያለውን ባለቤት ያወጣዋል፤ ያ ነው የጥንቱ ድንጋይ። የመጀመሪያ ቀን ወንዝ ዳር አስቀምጠው መዳፌን አንድ የተጠማዘዘ ገጽ ላይ ጫኑልኝና እንዲህ አሉኝ፤ "ይሄ ጭቃ ነበር፣ ከማል። ባሕር ሥር የተኛ ጭቃ። ሁለት አገር ከሁለት ወገን መጥቶ ተጋጨ፣ ይሄ መሐል ላይ ተያዘ። ወደ ታች ገባ፤ ጋለ፤ ተጨመቀ፤ ታጠፈ። በላዩ ላይ የቆመው ተራራ ዛሬ ካለን ተራራ ሁሉ ይበልጥ ነበር። አሁን ተራራው የታለ? ዝናብ ጨረሰው። ይሄ የተራራው ሥር ነው። አንተ የቆምከው ከሌለ ተራራ ሥር ላይ ነው።" ከዚያ የለበሱትን ጋቢ አውልቀው መሬት ላይ ዘረጉና ከሁለት ወገን ገፋ አደረጉት። ጋቢው ተነስቶ፣ ታጥፎ፣ አንዱ እጥፋት በሌላው ላይ ተኛ። "ይኸው ነው" አሉኝ። እውነትም ያ ነበር። ወንዙ ዳር ያለው ድንጋይና ጋቢው አንድ ዓይነት መታጠፍ ነበራቸው። እስከ ዛሬ ያን ጊዜ የተሰማኝን ያህል የተደነቅሁበት ቀን ብዙ አላስታውስም።

ሥራችን እንግዲህ የዚያን እጥፋት አቅጣጫ መከተል ነበር። ድንጋዩ ድርብርብ ስለሆነ እያንዳንዱ ንጣፍ ወደ አንድ ወገን ያዘነብላል። ኮምፓሱን ንጣፉ ላይ አስቀምጠን፣ ወዴትና ምን ያህል እንደሚያዘነብል እናነባለን፤ ካርታው ላይ ትንሽ ጭረት እናደርጋለን፤ ወደሚቀጥለው እንሄዳለን። አንድ ቀን፣ ሁለት ቀን ትርጉም የለውም። ከወራት በኋላ ጭረቶቹ እንደ ተበጠረ ፀጉር ተያይዘው መጠማዘዝ ሲጀምሩ ግን ከሥር ያለው ነገር መታየት ይጀምራል። ዛሬ ልጆቹ ይሄን ሁሉ በስልካቸው ይሠሩታል አሉ። ደስ ይለኛል። ቢሆንም ያኔ በኮምፓስ መርፌ መረጋጋት ላይ ትንፋሽን ይዞ መጠበቅ የሚባል ነገር ነበር፤ እትዬ ሮማን መርፌዋ እስክትቆም ድረስ ዝንብ እንኳ ፊታቸው ላይ ቢያርፍ አይነቃነቁም።

የናሙና ድንጋዮቹን በጆንያ ነበር የምንጭናቸው፤ ጆንያ ደግሞ በዚያ ዘመን በዚያ መንገድ ላይ አደገኛ ዕቃ ነበር። በየኬላው ቡና ተደብቆ እንዳያልፍ ይፈተሻል። አጋሮ መውጫ ላይ አንድ ፈታሽ ነበር፣ ቀጭን፣ ኮፍያው የማይበቃው፤ ጆንያውን በውጭ ዳብሶ "ይሄ ጀንፈል ነው!" ብሎ ጮኸ፤ ከነገለፈቱ የደረቀ ቡና ማለቱ ነው። "ድንጋይ ነው፤" አሉ እትዬ ሮማን። "ድንጋይ ማን በጆንያ ይጭናል?" "እኛ።" ፈታሹ ጆንያውን ዘረገፈው፤ ሺስት፣ ናይስ፣ ኳርትዝ የምንለው የድንጋይ ዓይነት ሁሉ አስፋልቱ ላይ ተበተነ። ሰውየው ግራ ገባው። አንዱን አንስቶ አገላበጠው፣ አሸተተው። እትዬ ሮማን ተናደው ይሆናል ብዬ ስፈራ፣ አጠገቡ ቁጢጥ ብለው "እሱን እንኳ ጥሩ መርጠሃል። ይቺን የምታብለጨልጨውን አየሃት?" ብለው ማስረዳት ጀመሩ። ከኋላችን የቡና መኪናዎች ጥሩምባ እየነፉ ተሰለፉ። ከዚያን ቀን ወዲህ ያ ፈታሽ እኛ ስንደርስ ገመዱን ሲያወርድ "ዛሬስ ምን ዓይነት ተገኘ?" እያለ አንድ ድንጋይ ሳያይ አያሳልፈንም ነበር።

ገራ የደረስነው በሁለተኛው የበጋ ሥራችን ነው። ከጭራ ከተማ አልፎ መሬቱ ወደ ጎጀብ መውረድ ሲጀምር፣ ጫካው ሥር ቡና፣ ቡናው ሥር ኮረሪማ ነው። ያረፍነው በአባ ዋጂ ግቢ ነበር። አባ ዋጂ ንብ የሚያረቡ፣ ነጭ ኮፍያቸውን ከራሳቸው የማያወርዱ፣ ንግግራቸው ቀስ ያለ ሽማግሌ ናቸው። ድንኳናችንን ከጓሮ እንድንተክል ፈቀዱልን፤ እትዬ ሮማንን ግን "አዴ ሮማን ድንኳን ውስጥ አያድሩም" ብለው፣ አዴ እትዬ እንደማለት ነው፣ የልጃቸውን ክፍል ለቀቁላቸው። ከግቢያቸው በታች ረጅም ዳገት አለ፤ ዳገቱ መሐል ላይ ሰፊ ደልዳላ መደብ፣ ከመደቡ ግርጌ ንጹሕ ምንጭ። ውብ ቦታ ነው። እኔ ሳየው እዚህ ቤት ብሠራ ብዬ ነበር። እትዬ ሮማን ግን እዚያ እንደደረሱ በቀጥታ ወደ ምንጩ ወረዱ። ምንጩ ዳር ያለውን ሺስት የሚባለውን ለስላሳ አረንጓዴ ድርብርብ ድንጋይ በጣታቸው አሹት፤ እንደ ሳሙና ያሟልጫል። ዛፎቹን አዩ፤ ዋንዛውም ብርብራውም ግንዱ ከሥር ጎብጦ ነው ወደ ላይ የቀናው፤ መሬቱ ከሥሩ ቀስ እያለ የሚሸሽበት ዛፍ እንዲህ ይሆናል። ወደ ዳገቱ አናት ወጥተው ሣር የሸፈነው ስንጥቅ አገኙ፤ ክንዳቸውን እስከ ክርናቸው አስገቡበት። ኮምፓሳቸውን በየቦታው አስቀመጡ። የድንጋዩ ንጣፍ ሁሉ፣ ከአናት እስከ ግርጌ፣ ከዳገቱ ጋር ወደ አንድ ወገን ያዘነበለ ነበር፤ ልክ ጣራ ላይ እንደተደራረበ ቆርቆሮ። "አባ ዋጂ፣" አሉ ማታ እራት ላይ፣ "ይሄ ምንጭ ሁልጊዜ ንጹሕ ነው?" አባ ዋጂ አሰቡ። "ክረምት ላይ ወተት ይመስላል" አሉ። "ድሮ እንዲህ አልነበረም፤ አሁን አሁን ነው።" እትዬ ሮማን እንጀራቸውን አስቀመጡት።

በዚያው ሰሞን ነው ጓድ ሽፈራው ከአውራጃ የመጣው። የመንደር ምሥረታ ጊዜ ነበር፤ በየጫካው ተበታትኖ የሚኖረው ገበሬ በአንድ ቦታ ይሰብሰብ ተብሏል። ሰዎቹ ወደዱም ጠሉም የጠየቃቸው አልነበረም። ጓድ ሽፈራው ወጣት ነው፤ ካኪው ሁልጊዜ የተተኮሰ፣ ፊቱ ያልተኛ ሰው ፊት። መንደሩ የሚመሠረትበት ቦታ ተመርጧል፤ መንገድ ቅርብ ነው፣ ውሃ ቅርብ ነው፣ መሬቱ ደልዳላ ነው። የትኛው እንደሆነ መናገር አያስፈልገኝም። ከክረምቱ በፊት ጎጆ ተቀልሶ ቤተሰብ ሁሉ እንዲገባ ታዝዟል። የመደቡ ልክ በችካል ሲመተር እኛ ደረስን። እትዬ ሮማን ቀጥታ ወደሱ ሄደው "ጓድ ሽፈራው፣ እዚህ ሰው አይሰፍርም" አሉት። ሽፈራው ወደ ኋላ ዞር ብሎ የሚናገሩት ለሱ መሆኑን ለማረጋገጥ ሞከረ። "ይቅርታ፣ እርስዎ የየት መሥሪያ ቤት ነዎት?" "የድንጋይ።" አጠገቡ የነበሩት ሳቁ። እሱ አልሳቀም። "እኛ የምንሠራው ለሕዝብ ነው" አለ። "እኔም" አሉ እትዬ ሮማን። "ስለዚህ ነው የማላሰፍራቸው።"

በማግስቱ ስብሰባ ተጠራ። መደቡ ላይ፣ ገበሬው ሁሉ ሣር ላይ ተቀምጦ። እኔ አስተርጓሚ ነበርኩ። በዚያን ጊዜ በአደባባይ ለካድሬ "አይሆንም" ማለት ምን እንደሚያስከትል ሁሉም ያውቃል፤ "ሥራ አደናቃፊ" የምትባል ቃል ብቻዋን ሰው ታጠፋለች። እትዬ ሮማን ንግግር አላደረጉም። አንድ የሳንቃ ቁራጭ አምጡልኝ አሉ፤ ከአባ ዋጂ ጓሮም ብዙ የኮባ ቅጠል አስቆረጡ። ቅጠሉን ሳንቃው ላይ እየደረደሩ በየመሐሉ ጭቃ አደረጉ፤ ላዩ ላይ ጡብ የሚያክሉ ድንጋዮች አስቀመጡ። "እነዚህ ቤቶች ናቸው" አሉ። እኔ ተረጎምኩ። ሳንቃውን ልክ የዳገቱን ያህል አዘነበሉት። ምንም አልሆነም። ጓድ ሽፈራው ፈገግ አለ። ከዚያ ከእንስራ ውሃ ቀስ ብለው በላይኛው ጫፍ አፈሰሱ። ትንሽ ቆየ። ከዚያ የላይኞቹ ቅጠሎች ከነቤታቸው ሸርተት ብለው መሬት ላይ ተዘረገፉ። ሳንቃውን አዞሩት። ቅጠሎቹን እንደገና ደረደሩ፤ አሁን ግን ንጣፋቸው ወደ ዳገቱ ሆድ ወደ ውስጥ እንዲያዘነብል። ውሃውን አፈሰሱ። ቤቶቹ አልተነቃነቁም። "ከዳገቱ አናት ካለው ተረተር ማዶ ድንጋዩ እንዲህ ነው" አሉ። "ያው ድንጋይ ነው፤ ግን እጥፋቱ እዚህ አናት ላይ ይመለስና በዚያኛው ወገን ወደ ውስጥ ይገባል። እዚያ ይስፈሩ።" አባ ዋጂ ከመቀመጫቸው ሆነው "ዱጋዳ" አሉ፤ እውነት ነው ማለታቸው ነው።

"የኮባ ቅጠል ድንጋይ አይደለም፣ ወይዘሮ ሮማን" አለ ሽፈራው፤ ድምፁ ግን ትንሽ ተቀይሯል። "አይደለም" አሉ እትዬ ሮማን። "ስለዚህ ድንጋዩን ና እይ።" ሰው ሁሉ ወደሱ ዞረ። እምቢ ቢል ፈራ ይባላል። በተወለወለ ጫማው ከዳገቱ አናት እስከ ምንጩ ከኛ ጋር ወረደ። እትዬ ሮማን እየጠቆሙ ብቻ "ክንድህን አስገባ"፣ "ይሄን ዛፍ እይ"፣ "ይሄን በጣትህ እሸው" ይላሉ። ምንጩ ዳር ያ አረንጓዴ ድንጋይ ላይ ሲረግጥ እግሩ ከዳውና በቂጡ ተቀመጠ። ማንም አልሳቀም። እዚያው እንደተቀመጠ ጣቶቹን አሻሸ። "ተማሪ ሳለሁ ሂሳብ እወድ ነበር" አለ በመጨረሻ፤ ለማን እንደሚናገር አልታወቀም። "ይሄ ይወድቃል ይላሉ። መቼ?" "አላውቅም" አሉ እትዬ ሮማን። "ዘንድሮ?" "አላውቅም፣ ሽፈራው። ብዋሽህ ደስ ይልህ ነበር፤ አልዋሽህም። መውደቁን አውቃለሁ፤ ቀኑን አላውቅም።" ያቺን መልስ እስከ ዛሬ አስባታለሁ። "ዘንድሮ ይወድቃል" ቢሉ ነገሩ ባንዴ ያልቅ ነበር። አላሉም።

ጓድ ሽፈራው ችካሉን አስነቀለ። ለበላዮቹ ምን እንዳላቸው አላውቅም፤ ብቻ መንደሩ ከተረተሩ ማዶ እንዲሆን አደረገ። ያ ማለት ደግሞ መንገድ ሩቅ፣ ውሃ ሩቅ ነው። ሴቶቹ እንስራ ተሸክመው ተረተሩን እየወጡ፣ እየወረዱ ከዚያው ምንጭ ይቀዱ ጀመር፤ እትዬ ሮማንን ሲያዩ ሰላምታቸው ቀዘቀዘ። አንዷ፣ የአባ ዋጂ ምራት ዘይነባ፣ ፊት ለፊት "ድንጋይ የሚወዱት እርስዎ፣ ውሃ የምንሸከመው እኛ" አለቻቸው። ስተረጉምላቸው ላለሳልሰው ሞከርኩ። "እንዳለች ንገረኝ" አሉኝ፤ ነገርኳቸው። እትዬ ሮማን እንስራዋን ከጀርባዋ ላይ አወረዱና ራሳቸው ተሸክመው ተረተሩን ወጡ። እኔ "እትዬ፣ እኔ ልያዘው" ስል እጄን ገፉት። አናት ላይ ሲደርሱ ትንፋሽ አጥሯቸው "እውነቷን ነው" አሉ።

ክረምቱ መጣ። ያን የመሰለ ዝናብ ነበር። እኛ ጅማ ተመልሰን ካርታ እንስላለን፤ እትዬ ሮማን መስኮቱን እያዩ እርሳሳቸውን ያኝካሉ። ክረምቱ አለፈ፤ ዳገቱ አልተነቃነቀም። ስንመለስ መደቡ ላይ ሣሩ ለምልሞ፣ ጥጃ ሲግጥበት፣ ምንጩ ጥርት ብሎ አገኘነው። በጭራ ሻይ ቤቶች ቀልድ ሆነን ነበር፤ የማይመጣ ነገር ሲጠበቅ "የሮማን ተራራ" ይሉታል አሉ። ጓድ ሽፈራው ግምገማ ላይ ተነስቶ፣ "በአንዲት ሴት ወሬ የሕዝብ ሥራ አዘገየ" ተብሎ ከአውራጃ ወርዶ አጋሮ አንድ የማኅበር መጋዘን ላይ ተመድቦ ነበር። እትዬ ሮማን ይሄን ሲሰሙ ነስሩን አጋሮ እንዲያቆም አዘዙት። ሽፈራውን የቡና ጆንያ መሐል አገኘነው፤ ካኪው አሁን የተተኮሰ አይደለም። እኔ ይቅርታ የሚጠይቁ መስሎኝ ነበር። "ስንጥቁ ሰፍቷል" አሉት። "ከአምና ይልቅ ሰፍቷል። ልነግርህ ነው የመጣሁት።" ሽፈራው የጆንያ መቀመጫ ጠርጎ ሻይ አስመጣልን። ስለ ሥራው አንድ ቃል አላነሳም። ስንጥቁ ምን ያህል እንደሰፋ፣ በምን እንደለኩት ነበር የሚጠይቃቸው።

የወደቀው በሁለተኛው ክረምት ማብቂያ ላይ ነው፤ በጠራራ ፀሐይ፣ ዝናቡ አባርቶ ሰው ወደ ጭራ ገበያ ሲወጣ። አባ ዋጂ ከግቢያቸው ሆነው አዩት። መጀመሪያ ወፎቹ ሁሉ በአንድ ጊዜ ከጫካው ተነሱ አሉ። ከዚያ ዛፎቹ እንደቆሙ፣ ሳይወድቁ፣ ተሰልፈው እንደሚሄዱ ሰዎች መራመድ ጀመሩ። ከዚያ ድምፁ መጣ። ጅማ ሆነን ወሬው ሲደርሰን እትዬ ሮማን የጠየቁት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ "ሰውስ?" ወሬውን ያመጣው የቡና መኪና ረዳት "ሰው ደህና ነው። የአባ ዋጂ ቀፎዎች ናቸው የሄዱት" ሲላቸው ወንበር ፈልገው ተቀመጡ። ፊታቸውን በሻሻቸው ጫፍ ሸፈኑ። ትከሻቸው ሲንቀጠቀጥ አይቼ ወጥቼ ደጅ ቆምኩ። ያን ሁሉ ጊዜ ምን ተሸክመው እንደኖሩ የገባኝ ያኔ ነው። ልክ ነኝ ብሎ መጠበቅ ማለት፣ ልክ ሆኖ መገኘትን እየፈሩ መጠበቅ ማለት ነበር።

ገራ ስንደርስ የመንደሩ ሰው ሁሉ ተረተሩ አናት ላይ ቆሟል። መደቡ የለም፤ ምንጩ የለም፤ ያ ሰፊ ውብ ቦታ ወንዙ ውስጥ ተዘርግፎ የቡና ዛፍ ሥሩን ወደ ሰማይ አድርጎ ተሰክቷል። ዘይነባ ሕፃን አዝላ ቆማለች። እትዬ ሮማንን ስታይ መጥታ እጃቸውን ሁለቱን ያዘች። አባ ዋጂ "አልሐምዱሊላህ" አሉ፤ "አዴ ሮማን፣ ይሄ ሕዝብ ሁሉ አንድ ቃል ሊሰማ ነው የቆመው። ይናገሩ እንጂ።" "ምን እናገራለሁ፣ አባ ዋጂ? ከሥሩ ማንም የለም። ከዚህ ሌላ ምን አለ?" አሉ። ከዚያ ዓይናቸው ከሕዝቡ አልፎ ሄደ። ዳገቱ ተገፍፎ በወጣው ገጽ ላይ፣ ከጥንት ጀምሮ ብርሃን ያላየ ድንጋይ ተገልጦ ነበር። ከአንድ ጫፍ እስከ ሌላው አንድ ትልቅ እጥፋት፤ ነጭና አረንጓዴ ንጣፍ በንጣፍ ላይ ተጠምዝዞ፣ አናቱ ላይ ዞሮ ተመልሶ፣ ከመስጊድ ሚናራ ይበልጥ የሚረዝም። ሁለት ዓመት ጭረት በጭረት ካርታው ላይ ስንገምተው የኖርነው ነገር ይኸው ቆሟል። እትዬ ሮማን እጃቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ። "ከማል፣" አሉኝ በሹክሹክታ፣ "እየው።"

ሽፈራው ከአጋሮ በቡና መኪና ላይ ተጭኖ የደረሰው ያኔ ነው። ማንም አልጠራውም። ሕዝቡ መንገድ ለቀቀለት፤ ምን እንደሚል ሁሉም ሊሰማ ፈለገ። የወደቀውን አየ፤ ከማዶ ያሉትን ጎጆዎች፣ ከጎጆዎቹ የሚወጣውን ጭስ አየ። ኮቱን አውልቆ አጥር ላይ ሰቀለ። "ወደዚያ ወደተገለጠው ድንጋይ በዳር በኩል መድረስ ይቻላል?" ብሎ እትዬ ሮማንን ጠየቃቸው። "በዚህ በጠንካራው በኩል ይቻላል" አሉት። ረጅሙን የጨርቅ ሜትር ከቦርሳቸው አወጡ፤ እሱ ጫፉን ተቀበላቸውና ፊት ፊታቸው ወደ ድንጋዩ ሄደ። "ከፍ አድርገው። ትንሽ ከፍ። አዎ፣ እዚያ ላይ፤" ይሉታል። እሱ በእግሩ ጣት ቆሞ፣ ክንዱን ዘርግቶ፣ ሜትሩን እጁ ከደረሰበት ንጣፍ ላይ ይይዛል። እኔ ቁጥሩን እቀበላለሁ፤ አባ ዋጂ ለሴቶቹ በጣታቸው እየጠቆሙ ድንጋዩ ወዴት ታጥፎ ወዴት እንደሚመለስ ያስረዳሉ። ፀሐይዋ ጎጀብ ማዶ እስክትገባ ድረስ እንዲህ ስንለካ ዋልን።